ሰባት ፊርማዎች

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዶርትሙንድ የምንኖር ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበራችንን በሕግ ለማስመዝገብ ተነሣን። ለረጅም ጊዜ እንደ ዕድር ስንሠራ ኖረናል። መዋጮ እንሰበስባለን፣ ሐዘን ሲደርስ አዳራሽ ተከራይተን አብረን እንቀመጣለን፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት መላክ ሲያስፈልግ ወጪውን እንካፈላለን። የባንክ ሒሳብ በማኅበሩ ስም እንክፈት ስንል ግን ወረቀት ተጠየቅን። ጸሐፊ ሆኜ ተመርጬ ስለነበር መተዳደሪያ ደንቡን ማርቀቅ፣ ቃለ ጉባኤ መያዝና ፊርማ ማሰባሰብ የእኔ ድርሻ ሆነ። የጀርመን ሕግ አንድ ማኅበር በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ለመስፈር ቢያንስ ሰባት አባላት ሊኖሩት ይገባል ይላል። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ስድስት ሆነን ሰባተኛዋን ጠበቅን። ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ የመጣች እኅታችን ኮቷን ሳታወልቅ ብዕሩን ተቀበለችኝ። ስሟን መጀመሪያ በፊደላችን ጻፈች፤ ከሥሩ በላቲን ደገመችው።

ሰባት የሚለው ቁጥር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ምንጩን ፈለግሁ። ደንቡ የሚገኘው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በዚያው ወር በ28ኛው ቀን የጀርመን እግር ኳስ ማኅበር በላይፕሲግ ተመሠረተ። ልክ በሠላሳኛው ቀን ደግሞ፣ ፌብሩዋሪ 27፣ ባየርን ሙኒክ ተወለደ። ቀኖቹን ጎን ለጎን ሳያቸው ልቤ ዘለለ። በልጅነቴ ማልያቸውንና ኮከቦቻቸውን ብቻ የማውቃቸው ክለቦች አጀማመራቸው ከእኛ ጋር አንድ ነበር፦ አንድ የኋላ ክፍል፣ አንድ ረቂቅ ደንብ፣ መዋጮ የሚሰበስብ ሰው፣ የሚፈርሙ እጆች። ጀርመኖች እንዲህ ያለውን ነገር ፌራይን ይሉታል። ማኅበር ማለት ነው፤ ዕድር ያውቅ ለነበረ ሰው ትርጉሙ ሩቅ አይደለም። ከዚያ ወዲህ የክለቦችን ታሪክ ስመረምር ከዋንጫዎቹ በፊት የምፈልገው ማን እንደፈረመ ነው።

በራሴ ከተማ ጀመርኩ። ከቤቴ እስከ ቦርዚግ አደባባይ ሃያ ደቂቃ በእግር ያስኬዳል። ዛሬ ትራም የሚዞርበት፣ ከብዙ አገር የመጡ ሰዎች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። በ1909ም የመጤዎች ሰፈር ነበር። ሰዎች ከፕሩሲያ፣ በዚያ ዘመን ከጀርመን ግዛቶች ትልቁ ከነበረው መንግሥት፣ ምሥራቃዊ አውራጃዎች እየመጡ በሄሽ የብረት ፋብሪካና በከሰል ማዕድን ጉድጓዶች ይሠሩ ነበር። የሰፈሩ ካቶሊኮች የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አለቻቸው፤ በእርሷም ሥር የወጣቶች ማኅበር ነበር። ወጣቶቹ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኳስ ይጫወታሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጸሎት ሰዓት ነው። ወጣቶቹን የሚመሩት ረዳት ካህን ሁበርት ዴቫልድ ይህን ጨዋታ አልወደዱትም፤ ሸካራና ሥርዓት የሌለው ነገር ሆኖ ታያቸው።

ዲሴምበር 19 ቀን 1909 እሑድ ነበር። ወጣቶቹ በኦስተርሆልትስ መንገድ በሚገኘው ‘ቱም ቪልድሹትስ’ በተባለ ቢራ ቤት ፎቅ ላይ ተሰበሰቡ። ካህኑ ወሬው ደርሷቸው መጡ፤ ሊገቡም ሞከሩ። በሩ ላይ የቆሙት ልጆች ገፍተው መለሷቸው። ውስጥ ከነበሩት መካከል በሐሳቡ የጸኑት 18 ወጣቶች ዛሬ ቦሩሲያ ዶርትሙንድ የምንለውን ክለብ መሠረቱ። ስሙን ከግድግዳው ላይ፣ ቦሩሲያ ከተባለ የቢራ ጠማቂ ማስታወቂያ ወሰዱት ይባላል፤ ቃሉ የፕሩሲያ የላቲን ስም ነው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ቢጫና ጥቁር ገና አልነበረም። መጀመሪያ የለበሱት ሰማያዊና ነጭ ነበር፣ በላዩ ላይ ቀይ መቀነት የተሻገረበት። ቢጫና ጥቁሩ የመጣው በ1913 ነው።

በዚያ በር ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜ አስቤያለሁ። በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ላደግሁ ሰው ካህን ገፍቶ መመለስ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስሰማው ደነገጥሁ። እነዚያ ልጆችም ቀላል እንዳልነበረባቸው እገምታለሁ፤ ያጠመቃቸው፣ ያቆረባቸው፣ እናቶቻቸው የሚሳለሙት ቤት ነው። ሳምንቱን ሙሉ በፋብሪካና በጉድጓድ የሚደክም ልጅ ግን የራሱ የሆነ ጊዜ የሚያገኘው በዚያ የእሑድ ከሰዓት ብቻ ነበር። ካህኑን እንደ ክፉ ሰው አድርገው የሚተርኩ አሉ፤ እኔ አልተርክም። በጊዜያቸው ከነበሩት የተማሩ ሰዎች አብዛኞቹ እንደ እሳቸው ያስቡ ነበር።

ምክንያቱ ሩቅ ነው የሚጀምረው። በጀርመን አገር ስፖርት ማለት ጂምናስቲክ ነበር። ፍሪድሪሽ ሉድቪሽ ያን የተባሉ መምህር በ1811 በበርሊን ሃዘንሃይደ የጂምናስቲክ ሜዳ ከከፈቱ ወዲህ ወጣቱ በሰልፍ ቆሞ፣ በትእዛዝ እየተንቀሳቀሰ፣ በአግዳሚ ብረት ላይ እየተንጠለጠለ ለአገሩ ሰውነቱን ያዘጋጅ ነበር። ኳስ እያሳደዱ መጮህ፣ በነጥብ መፎካከር፣ ያውም ከእንግሊዝ በመጣ ጨዋታ፣ ለእነዚያ መምህራን ነውር ሆኖ ተሰማቸው። በ1898 ካርል ፕላንክ የተባሉ የሽቱትጋርት የጂምናስቲክ መምህር ጨዋታውን ‘የእንግሊዝ በሽታ’ ብለው አወገዙት። ኳስ ለመምታት ጉልበቱን አጥፎና አገጩን አስግጎ የቆመ ሰው ራሱን ወደ ዝንጀሮ ያወርዳል ሲሉም ጻፉ።

ይህን ሁሉ ተቃውሞ ከውስጥ የተቋቋሙት ሌላ መምህር ናቸው። ኮንራድ ኮክ በብራውንሽቫይግ ከተማ በማርቲኖ ካታሪኔውም ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። በ1874 ከባልደረባቸው ከጂምናስቲክ መምህሩ ከአውጉስት ሄርማን ጋር ሆነው ከእንግሊዝ የመጣ ኳስ ለተማሪዎቻቸው ወረወሩ። የመጀመሪያው ጨዋታ ዛሬ ካለው እግር ኳስ ይልቅ ለራግቢ የቀረበ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኮክ የጨዋታውን ደንብ በጀርመንኛ አሳተሙ፤ ደንቡም የተማሪዎቹ የኳስ ማኅበር ደንብ ተብሎ ወጣ። እዚህም ገና ከመነሻው ማኅበር አለ።

ኮክን የምወዳቸው ግን በቃላቱ ምክንያት ነው። ጨዋታው ባዕድ ነው የሚለውን ክስ ለመመለስ የእንግሊዝኛውን ቃል ሁሉ በጀርመንኛ ቃል ለመተካት ዓመታት ደከሙ። ጀርመኖች የማዕዘን ምትን ‘ኤከ’ ይሉታል፤ ማዕዘን ማለት ነው። ከጨዋታ ውጪን ‘አብዛይትስ’ ይሉታል፤ ከዳር፣ ወደ ጎን እንደማለት ነው። ግቡን ‘ቶር’ አሉት፤ ትልቅ በር። በልጅነቴ በሬዲዮ ‘የማዕዘን ምት’ እና ‘ፍጹም ቅጣት ምት’ ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ቃል ፈልጎ ጨዋታን የራስ ማድረግ ምን ያህል ከባድና ምን ያህል የሚያስደስት ሥራ እንደሆነ ይገባኛል።

የክለቦቹ ስሞችም ያንኑ ክስ የሚመልሱ ይመስለኛል። ጌርማኒያ፣ ቦሩሲያ፣ አለማኒያ፣ ቶይቶኒያ። ‘የእንግሊዝ ጨዋታ ትጫወታላችሁ’ ለሚላቸው አባትና መምህር ‘የአገራችንን ስም ተሸክመን ነው’ ብለው የሚመልሱ ልጆች ይታዩኛል። እስከ ዛሬ በሕይወት ካሉት የጀርመን የእግር ኳስ ክለቦች በዕድሜ አንጋፋው የበርሊኑ ጌርማኒያ በኤፕሪል 15 ቀን 1888 የተመሠረተው በተማሪው በፓውል የስትራምና በወንድሞቹ፣ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ነው። ሜዳቸው የንጉሡ ሠራዊት ሰልፍ የሚያሳይበት የቴምፐልሆፍ መስክ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሁለት የሊንድነርና ሁለት የሎሬንስ ወንድማማቾች በበርሊን ሌላ ክለብ ሲመሠርቱ የአገር ስም አልወሰዱም። ከመካከላቸው አንዱ በተሳፈረባት የእንፋሎት ጀልባ ስም ሄርታ አሉት፤ ሰማያዊና ነጩንም ከጭስ ማውጫዋ ወሰዱ። በብሬመን ደግሞ በ1899 ገመድ ጉተታ አሸንፈው ኳስ የተሸለሙ ተማሪዎች ኳሱን ይዘው ቬርደርን መሠረቱ። የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ናቸው እንግዲህ። ትልልቆቹ ስለ በሽታና ስለ ዝንጀሮ ሲጽፉ እነሱ ማኅተም ያስቀርጹ ነበር።

የባየርን ሙኒክ ልደት ከሁሉም በላይ ያስደንቀኛል። እግር ኳስ ተጫዋቾቹ በአንድ የጂምናስቲክ ማኅበር ሥር ነበሩ። ማኅበሩ ወደ ደቡብ ጀርመን የእግር ኳስ ማኅበር እንዲገቡ አልፈቀደላቸውም። ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1900 ማታ ስብሰባው ሲካረር 11 ሰዎች ተነሥተው ወጡ፤ በሽቫቢንግ ሰፈር ወደሚገኘው ጊዜላ ምግብ ቤት ሄደው አዲሱን ክለብ እዚያው መሠረቱ። የምሥረታ ወረቀቱ ላይ 17 ፊርማዎች አሉ። የመጀመሪያው ሰብሳቢ ፍራንስ ዮን ከበርሊን ዳር ከፓንኮው የመጣ ሰው ነው። ጸሐፊው ዮሴፍ ፖላክ ከፍራይቡርግ። ሌላው ፈራሚ ቤኖ ኤልካን ሥዕል ለመማር ወደ ሙኒክ የሄደ የዶርትሙንድ ተወላጅ ነው። የባቫሪያን ስም የተሸከመው ክለብ የተፈረመው ከሌላ ቦታ በመጡ ሰዎች እጅ ጭምር ነው። ፖላክና ኤልካን አይሁዳውያን ነበሩ።

ኤልካን በኋላ ሐውልት ቀራጭ ሆነ፤ በናዚዎች ዘመን ወደ ለንደን ተሰደደ። በኢየሩሳሌም በእስራኤል ፓርላማ በክኔሴት ፊት ለፊት የቆመውን ሰባት ቅርንጫፍ የነሐስ መቅረዝ የሠራው እሱ ነው። የብሪታንያ ፓርላማ በ1956 ለእስራኤል ያበረከተው ስጦታ ነው። በእስራኤል የምትኖሩ አንባቢዎቼ በዚያ ስታልፉ፣ ያ ሰው በሃያ ሁለት ዓመቱ ባየርን ሙኒክ ሲመሠረት ከፈረሙት አንዱ እንደነበረ አስታውሱ።

በእነዚህ ሁሉ ወረቀቶች ላይ የሴት ስም ፈልጌ አላገኘሁም። ሰባተኛዋ ፈራሚያችን በዓይኔ ላይ ስለቀረች ነው የፈለግሁት። በ1930 ሎተ ሽፔሽት የተባለች የፍራንክፈርት ሥጋ ሻጭ ልጅ በጋዜጣ ማስታወቂያ አውጥታ ሴቶችን አሰባሰበች፤ ክለብም መሠረተች። በስድብና በድንጋይ ተቀበሏቸው፤ በቀጣዩ ዓመት ክለቡ ፈረሰ። የጀርመን እግር ኳስ ማኅበር ራሱ ከ1955 እስከ 1970 ድረስ የሴቶችን እግር ኳስ በክለቦቹ ከልክሎ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ። ካህን ገፍተው መልሰው በራቸውን የከፈቱ ወጣቶች ወራሾች ያንን በር በእኅቶቻቸው ላይ መዝጋታቸው ያሳዝነኛል።

ስለ ላይፕሲጉ ስብሰባ ብዙ አልልም። ማሪየንጋርተን በተባለ ምግብ ቤት የ86 ክለቦች ተወካዮች ተገኙ፤ ብዙ ተከራከሩ፤ የጀርመን እግር ኳስ ማኅበርን መሠረቱ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ሁፐ በፕራግ የጤና አጠባበቅ ፕሮፌሰር ነበሩ። የፕራግ ጀርመኖች ክለብም አባል ነበረና በ1903 በተደረገው የመጀመሪያ ሻምፒዮና እስከ ፍጻሜው ደረሰ። የደረሰበት መንገድ ግን ልብ ያቆስላል። በግማሽ ፍጻሜው ሊገጥመው የነበረው የካርልስሩኸ ክለብ ‘ጨዋታው ተላልፏል’ የሚል ቴሌግራም ደረሰው፤ አምኖ ቤቱ ቀረ። ቴሌግራሙ ሐሰተኛ ነበር። ካርልስሩኸ ተሰረዘ፣ ፕራግ አለፈ። ሜይ 31 ቀን በሃምቡርግ አጠገብ በአልቶና፣ የሚረባ ኳስ እስኪገኝ ድረስ የፍጻሜው ጨዋታ ዘገየ፤ ላይፕሲግ ፕራግን 7 ለ 2 አሸነፈ።

ያ የተታለለው የካርልስሩኸ ክለብ ነው ከሁሉ ይልቅ ልቤን የያዘው። የመሠረተው በ1891 ገና አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ዋልተር ቤንሰማን ነው። በርሊን ተወልዶ በየሄደበት ከተማ ክለብ የሚዘራ አይሁዳዊ ወጣት ነበር፤ በላይፕሲጉ ስብሰባም ተገኝቷል። ጨዋታው ሕዝብን ከሕዝብ ያስታርቃል ብሎ ከልቡ ያምን ነበር። በ1920 ‘ኪከር’ የተባለውን፣ ዛሬም የሚታተመውን መጽሔት አቋቋመ።

ከዚህ ክለብ ሁለት አጥቂዎች ወጡ፤ ጎትፍሪድ ፉክስና ዩሊየስ ሂርሽ። ሁለቱም አይሁዳውያን ነበሩ። ሂርሽ አባል የሆነው በ1902፣ በአሥር ዓመቱ ነው። በ1910 ክለቡ የጀርመን ሻምፒዮን ሲሆን ሁለቱም ነበሩበት። በማርች 1912 ጀርመን ከኔዘርላንድስ 5 ለ 5 ስትለያይ ከጀርመን ግቦች አራቱን ያስቆጠረው ሂርሽ ነው። በዚያው ዓመት በስቶክሆልም ኦሊምፒክ ፉክስ በሩሲያ ላይ ብቻውን አሥር ግብ አስቆጠረ፤ ውጤቱ 16 ለ 0። ሁለት ዓመት ቆይቶ ጦርነት መጣ። ሂርሽ አራት ዓመት ዘመተ፤ ወንድሙ ሊዮፖልድ ሞተ።

ኤፕሪል 1933። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። አሥራ አራት የደቡብ ጀርመን ታላላቅ ክለቦች፣ ምንም ሕግ ሳያስገድዳቸው፣ አይሁዳውያንን ከስፖርት ማኅበራት በማስወገድ ጉዳይ ከአዲሱ መንግሥት ጋር እንደሚተባበሩ የሚገልጽ መግለጫ አወጡ። ባየርን አለበት። ኑረምበርግ አለበት። ካርልስሩኸም አለበት። ይህም በፊርማ የሆነ ነገር ነው፤ በክለብ ማኅተም፣ በክለብ ሰዎች እጅ።

ሂርሽ ዜናውን በጋዜጣ አነበበ። በኤፕሪል 10፣ አርባ አንደኛ ዓመቱን በደፈነ በሦስተኛው ቀን፣ ለክለቡ ደብዳቤ ጻፈ። ከ1902 ጀምሮ አባሉ ከሆነበት ከሚወደው ክለብ በከባድ ልብ መልቀቁን አስታወቀ። ዛሬ ይህን ያህል በሚጠሉት ወገን ውስጥ ደግ ሰዎች፣ ለጀርመንም በሥራቸውና በደማቸው ታማኝነታቸውን ያስመሰከሩ አይሁዳውያን እንዳሉ እንዲታወቅለት ጠየቀ። ደብዳቤውን ባነበብኩ ቁጥር የሚያመኝ ትሕትናው ነው። የሚያባርሩትን ሰዎች ላለማስቸገር ራሱ ወጣ።

ቤንሰማን በዚያው ዓመት ወደ ስዊዘርላንድ ተሰደደ፤ በ1934 ሞንትሮ ከተማ ሞተ። የባየርን ፕሬዚዳንት ኩርት ላንዳወር በ1932 ክለባቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሻምፒዮንነት አብቅተው ነበር፤ በማርች 1933 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በ1938 በዳካው ማጎሪያ 33 ቀን ታሰሩ፣ ከዚያ ወደ ስዊዘርላንድ ሸሹ። በ1947 ተመልሰው ያንኑ ክለብ እንደገና መሩ። እንዴት እንደቻሉ አላውቅም፤ በአክብሮት እሰግዳለሁ። ፉክስ ወደ ካናዳ ተሰደደ። በ1972 የቀድሞው የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ዜፕ ሄርበርገር፣ የሙኒክ ኦሊምፒክ ስታዲየም ሲከፈት ይህ ሰው በክብር ይጋበዝ ብለው ለጀርመን እግር ኳስ ማኅበር አመለከቱ። ማኅበሩ እምቢ አለ። ፉክስ በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ሞንትሪያል ውስጥ አረፈ።

ሂርሽ ግን አልተሰደደም። ማርች 1 ቀን 1943 ከካርልስሩኸ ወደ ኦሽቪትስ ማጎሪያ በሚወስደው ባቡር ተጫነ። በመንገድ ላይ ለቤተሰቡ አንድ ካርድ መላክ ቻለ። በደህና እንደደረሰ፣ ወደ ላይኛው ሲሌዥያ እንደሚወሰድ፣ አሁንም በጀርመን ምድር እንዳለ ጻፈላቸው። ከዚያ ወዲህ ከእሱ ምንም አልመጣም።

የካርዱ የፖስታ ማኅተም የማርች 3 ነው፤ ከተማው ዶርትሙንድ። ሰባተኛዋን ፈራሚ በጠበቅንበት፣ ቤኖ ኤልካን በተወለደበት፣ አሥራ ስምንት ልጆች በራቸውን ይዘው በቆሙበት ከተማ። ካርዱን የፈረመው በሙሉ ስሙ አይደለም። ጓደኞቹ ሜዳ ላይ ኳስ እንዲያቀብላቸው ሲፈልጉ በሚጠሩት አጭር ስም ነው፦ ዩለር።